የጂሚን አባት ሱቅ ማን አከሰረው? (ቤተር ኮል ሶል፤ ያልጨረሳችሁ አትግቡ)

ቶሳ ስር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የብሬኪንግ ባድን ቅድመ ታሪክ የሚተርከውን ተከታታይ ፊልም ቤተር ኮል ሶልን ገና እያያችሁ ያላችሁ ከዚህ በታች አትውረዱ። መሀሉንም መጨረሻውንም እየነካካሁ ነው የምጽፈው።

ብሬኪንግ ባድን ያየ ሰው ሁሉ ጂሚ ማክጊል መጨረሻው አጭበርባሪው ጠበቃ ሶል ጉድማን እንደሚሆን ያውቃል። እና 63 ክፍል ሙሉ ቁጭ ብለን ያየነው ምን ፍለጋ ነው? እኔ ሰውዬው ከየት መጣ የሚለውን ነበር የምፈልገው። እዚህ ስለ ፍቅረኛው ስለ ኪም፣ ስለ ዕፅ ነጋዴዎቹ ስለ ላሎና ስለ ጋስ ብዙ ተብሏል። ስለ አንዲት ትንሽ ሱቅ ግን ማንም ሲያነሳ አላየሁም። ቺካጎ ጥግ ሲሴሮ የምትባል ከተማ ውስጥ የነበረችው የጂሚ አባት ሱቅ። ለእኔ ፊልሙ የሚጀምረው እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው።

ሲዝን 2 ክፍል 5 ላይ የጂሚ ታላቅ ወንድም ቻክ ለኪም የሚነግራትን አስታውሱ። አባቴ ደግ ሰው ነበር ይላታል። ሱቁ ሲቸገር መዝገቡን አገላበጥኩት፣ 14,000 ዶላር ጎድሎ አገኘሁ፣ ጂሚ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከመሳቢያው እየወሰደ ነው የጨረሰው ይላታል። አባትየው ሱቁን ሸጠ። በስድስት ወሩ ሞተ። ቀብሩ ላይ ደግሞ የጂሚን ያህል ያለቀሰ አልነበረም ብሎ ይዘጋዋል። ብዙ ተመልካች ይቺን ንግግር እንዳለች ተቀብሏታል።

እኔ ሥራዬ ሒሳብ ነው። እዚሁ ደሴ ለነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። ስለዚህ ያቺ 14,000 አልዋጥ አለችኝ። መዝገብ ጉድለት ያሳያል እንጂ ሌባ አያሳይም። ሱቅ ውስጥ ገንዘብ የሚጎድልበት መንገድ ብዙ ነው። ዱቤ ተሰጥቶ ያልተመለሰ አለ። ቤት የተበላ አለ፤ ልጅ ተልኮ ስኳር ሲወስድ ማን ይመዘግባል? የተበላሸ ዕቃ አለ። መልስ ሲሰጥ የተሳሳተ አለ። ለለማኝ፣ ለተቸገረ፣ ለጎረቤት ልቅሶ የወጣ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩ ላይ የማንም ስም የለም። ስሙን የሚጽፍበት መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሲዝን 2 ክፍል 7 መክፈቻ ሂዱ። ዘመኑ 1973 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጂሚ ገና ልጅ ነው። አንድ አጭበርባሪ ሱቁ ገብቶ ተቸገርኩ ብሎ አባትየውን ያሳዝነዋል። ጂሚ ሰውዬው እንደሚዋሽ ገብቶታል፣ ለአባቱም ይነግረዋል። አባትየው እውነት ቢሆንስ ብሎ ይሰጣል። አባትየው ዞር ሲል ያው ተቸገርኩ ባይ በጥሬ ገንዘብ ሲጋራ ይገዛና ለልጁ በዚህ ዓለም ተኩላና በግ አለ፣ የቱን እንደምትሆን አንተው ምረጥ ብሎት ይወጣል። ጂሚም የሲጋራውን ገንዘብ ወደ ኪሱ ይከታል።

ልብ በሉ፣ ያን ቀን ከሱቁ የወጣው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን አባትየው በገዛ እጁ ሰጠ። ሌላውን ልጁ ወሰደ። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን ለከፈተው ቻክ ሁለቱም አንድ ጉድለት ናቸው። ቻክ ሁለቱንም በጂሚ ስም ጻፋቸው።

ለምን? አባቱን መውቀስ ስላልቻለ ነው። አባቴ ሱቁን በደግነቱ ጨረሰው ከማለት ወንድሜ ሰረቀው ማለት ይቀላል። እኔ እንደሚመስለኝ ቻክ ጂሚን የከሰሰው ያኔ ነው፤ የጥብቅና ፈቃዱን ሊያስነጥቀው የሞከረበት ጉዳይ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ የዚሁ ክስ ተከታይ ነው።

ምን ትላላችሁ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ቶሳ ስር እህቴ፣ አጻጻፍሽ ግሩም ነው፣ ግን አልተስማማሁም።

መጨረሻው ክፍል ላይ ጂሚ ከብሬኪንግ ባዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ከዋልተር ዋይት ጋር ተደብቀው ሳለ ወደ ኋላ መመለስ ብትችል ምን ትቀይራለህ የሚለውን ጥያቄ ያነሳል። ራሱ ሲመልስ የሚጸጽተኝ በ22 ዓመቴ ሆን ብዬ ወድቄ ጉልበቴን የጎዳሁት ነው ይላል። ለማጭበርበር ነበር የወደቀው። ዋልተር ምን አለው? ድሮም እንዲህ ነበርክ ማለት ነው አለው። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሰውዬው ድሮም እንዲህ ነበር።

ሲዝን 3 ክፍል 8 መክፈቻንም እይው። ጂሚና የድሮ ጓደኛው ማርኮ የተዘጋውን ሱቅ ሰብረው ገብተው ጂሚ ድሮ የደበቀውን የቆርቆሮ ሣጥን ከነሳንቲሞቹ ያወጣሉ። ማርኮ አባትህን ሰው ሁሉ ይወደው ነበር ሲለው ጂሚ ምን ጠቀመው ዓይነት ነው የሚመልሰው። ማድረግ ያለበትን ለማድረግ ወኔ አልነበረውም ይላል። ይህ በወንድሙ የተበደለ ልጅ ንግግር ነው? አባቱን የናቀ ልጅ ንግግር ነው።

በረካ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ከክርክሩ ውጭ ልሁንና፣ ይህን የመሰለ ተከታታይ ፊልም 53 ጊዜ ለኤሚ ሽልማት ታጭቶ አንድም ሳይሸለም ቀረ። ኪምን የተጫወተችው ሬያ ሲሆርን ብቻዋን ስንት ይገባት ነበር! በሉ ቀጥሉ።

ቶሳ ስር (ደሴ)

የቦርከና ልጅ፣ አልሰረቀም መች አልኩ? ሰርቋል፣ ዓይናችን እያየ ነው ኪሱ የከተተው። ጥያቄው ስንት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ፓኬት ሲጋራ ከአንድ ዶላር በታች ነበር። በዚያ ዋጋ የሚሸጥ የሰፈር ሱቅ መሳቢያ ውስጥ በአንድ ቀን ስንት ሊኖር ይችላል? ከዚያ ላይ 14,000 በሳንቲም በሳንቲም ማውጣት የሚያህል ሥራ የለም። ጂሚ ቤት ውስጥ የዚያን ያህል ገንዘብ ያለው ልጅ ሆኖ አንድም ጊዜ አላየነውም። ትልቁ ሀብቱ አንተው የጠቀስካት የሳንቲም ሣጥን ናት።

አባቱን ንቋል ያልከው ግን እውነት ነው። እኔ የምለውን ነው የሚደግፈው። አባትየው ሱቁን ያጣው በደግነቱ ነው ብሎ ጂሚም ያምናል። ቻክ ብቻ ነው ያን መቀበል ያልቻለው።

ጠበቃው (ኮምቦልቻ)

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ከእናንተ ገፋ ያልኩ ነኝ፤ ፊልሙን ልጄ ናት በስልኬ ጭና ያስጀመረችኝ። ችሎት የሚያሳዩ ፊልሞችን አልወድም፣ ውሸታቸው ይበዛል። ይሄኛው ግን ያዘኝ። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ችሎቱን ሳይሆን ከችሎቱ በፊት ያለውን ልፋት ስለሆነ ነው። ወረቀት ማገላበጥ፣ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ባለጉዳይ ማባበል። ጂሚ መጀመሪያ ላይ በጥፍር ማስዋቢያ ቤት ጓዳ ውስጥ ቢሮ ሲከፍት ሳይ በየፍርድ ቤቱ በር ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው የታወሱኝ። ከመካከላቸው ሕጉን ከአንዳንዱ ጠበቃ ይልቅ የሚያውቁ አሉ። የቻክ የጥብቅና ድርጅት ዓይነቱ ነገር ግን ለኛ አዲስ ነው። በአገራችን ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው ድርጅት ማቋቋም የቻሉት በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው።

ወደ ጉዳያችሁ ልምጣ። ቶሳ ስር ልጄ፣ መዝገብ ሌባ አያሳይም ያልሽው በእኛም ዘንድ ያስኬዳል። የጎደለ ገንዘብ መኖሩን ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ እገሌ ወሰደው ብሎ ማስረዳት ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚያስረዳ ምን አለ? የቻክ ቃል ብቻ። አባትየው እንኳ በሕይወት ሳለ ሲነገረው አላምንም ብሏል፤ ይህን ራሱ ቻክ ነው የተናገረው።

ታዲያ የምስክሩን ተዓማኒነት እንመርምር። ሲዝን 2 የመጨረሻው ክፍል መክፈቻ ላይ እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። ጂሚ የሚበላ ሊገዛ ይወጣል። እሱ በሌለበት እናትየው ነቅታ ጂሚ፣ ጂሚ ብላ ትሞታለች። አጠገቧ ያለው ቻክ ነው። ጂሚ ተመልሶ የተናገረችው ነገር ነበር ወይ ሲለው ቻክ የለም ይለዋል። የሟች እናትን የመጨረሻ ቃል ለገዛ ወንድሙ የሸሸገ ሰው ስለ ሟች አባት ሱቅ ሲመሰክር ቃሉን ብቻ ይዤ አልፈርድም። ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም አንድ ሰው ነው።

ይህ ማለት ጂሚ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ክሱ አልተረጋገጠም ማለት ነው።

በረካ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ደስ ይላል። ያቺን የእናትየውን ነገር እንዴት ረሳናት!

የሐረጎ ጭጋግ (ደሴ)

እኔ ከቶሳ ስር አልፌ መሄድ ነው የምፈልገው። ሱቁ የጂሚ ብቻ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የአባቱን ወይም የእናቱን ቤት ዕዳ ነው የሚከፍለው።

የቀድሞ ፖሊሱን ማይክን ውሰዱ። ሲዝን 1 ክፍል 6። ልጁ ማቲ ፖሊስ ነበር፣ ባልደረቦቹ ጉቦ አምጥተው ተካፈል አሉት። ልጁ አባቱን ጠየቀ። አባትየው እኔም በልቻለሁ፣ ተቀበል አለው። ልጁ አባቱን ንጹሕ ሰው አድርጎ ነበር የሚያየው። በዚያ ቃል ያ ነገር ተሰበረ። ገንዘቡን ቢቀበልም ስላመነታ ብቻ ገደሉት። ማይክ ለምራቱ ይህን ሲናገር ድምፁ የሚሆነውን ያየ ሰው ይረሳዋል ብዬ አላስብም። ልጄን የሰበርኩት እኔ ነኝ ነው የሚላት።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል። ጂሚ በረሃው ላይ ያንን ወደ ኋላ የመመለስ ጥያቄ መጀመሪያ ያቀረበው ለማይክ ነው። ማይክ በ2001 እ.ኤ.አ. ያለች አንድ ቀን ይጠራል። ወዲያው ሐሳቡን ይቀይርና 1984 ይላል፤ የመጀመሪያዋን ጉቦ የተቀበልኩባት ቀን። አያችሁ? ከዚያች ቀን በፊት ንጹሕ አባት ነበረ። ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ የእሷ ልጅ ነው።

ከዕፅ ነጋዴዎቹ ጋር የሚሠራውን ናቾን ደግሞ ውሰዱ። አባቱ የመኪና ወንበር እያለበሰ ነው የሚኖረው፣ በላቡ የሚያድር ሰው ነው። የልጁን ቆሻሻ ገንዘብ አይነካም። ሽሽ ሲሉት አይሸሽም። ናቾ ሲዝን 6 ክፍል 3 ላይ ሊሞት ሲል የሚደውለው ለማን ነው? ለአባቱ። ፖሊስ ጋ ሂድ ይለዋል አባትየው፣ ሌላ መንገድ አያውቅም። ናቾ የሞተው ያ ሰው እንዳይነካ ብሎ ነው። በኋላ ማይክ በአጥሩ በኩል መርዶ ሊነግረው ሲመጣና ፍትሕ ይገኛል ሲለው ያ አሮጌ ሰው የሚመልስለት መልስ ከፊልሙ ንግግሮች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነው። የምታወራው ፍትሕ አይደለም፣ በቀል ነው፣ ሁላችሁም አንድ ናችሁ ብሎት ይሄዳል።

እንግዲህ ሦስት አባቶች አሉን። አንዱ በደግነቱ ከስሮ የተናቀ። አንዱ በጥፋቱ ልጁን ያጣ። አንዱ ጸንቶ የቆመ፣ ግን ልጁን ማዳን ያልቻለ። ጸሐፊዎቹ እነዚህን ጎን ለጎን ያስቀመጡት በአጋጣሚ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ይህን ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። አባቴ ሱቅ ነበረው፣ አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዱቤ የምንጽፍበት ደብተር ጠርዙ በዘይት የወዛ ነው። ብዙው ላይ ስም የለም። ባለ ቢጫው በር፣ ሹፌሩ፣ የመንታዎቹ እናት ነው የሚለው። የከፈለ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ያልከፈለ ደብተሩ ሲያልቅ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። አባቴ ሲገለብጥ አንዳንዱን ይዘለው ነበር። ለምን ዘለልከው ስለው ባሏ ሞቷል፣ ወይም ሥራ ፈቷል ይለኝና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እህቴ ቶሳ ስር ያኔ መጥታ መዝገባችንን ብታይ ኖሮ እኔን ሌባ ታደርገኝ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙ ሱቅ ተዘረፈ፣ የእኛም ባዶ ቀረ። ደብተሩም አብሮ ጠፋ። ከተማው ሲረጋጋ በራችንን ስንከፍት ከመጡት ውስጥ የዱቤ ደንበኞቻችን ነበሩበት። ይህን ያህል አለብኝ እያሉ ከፈሉን። ደብተር የለም፣ ጠያቂ የለም። ባይናገሩ እኛ አናውቅም ነበር።

ስለዚህ የጂሚን አባት በግ ነው ሲሉ ያመኛል። ያ አጭበርባሪ ያለው ነገር ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ስለገባ እንጂ ሰው ማመን ሞኝነት ሆኖ አይደለም። ማርኮ ራሱ ሰው ሁሉ ይወደው ነበር አላለም? ቻክ መዝገቡን ከማገላበጥ አልፎ ሰፈሩን ቢጠይቅ ኖሮ ገንዘቡ የት እንደሄደ ይነግሩት ነበር።

ቶሳ ስር (ደሴ)

ሰኞ ገበያ፣ አብሽር ወንድሜ። ደብተራችሁን ባይ እኔ ማንንም ሌባ አላደርግም ነበር፣ ይቺን እመነኝ። የተዘለለው ዱቤ እኮ ለብቻው መስመር ሊኖረው ይችላል፤ የማይመለስ ብለን እንይዘዋለን። ቻክ ያን መስመር ሊከፍት አልፈለገም።

አይጠየፍ (ደሴ)

የሐረጎ ጭጋግ የእናት ቤትም አለ ካለ ኪምን አትርሱ። ሲዝን 6 ክፍል 6 መክፈቻ ላይ ኪም ልጅ እያለች ከሱቅ ጌጥ ሰርቃ ተይዛለች። እናትየው መጥታ በባለ ሱቁ ፊት ትገሥጻታለች፣ ታሳፍራታለች። ውጭ ሲወጡ ሳቅ ብላ ያንኑ የጆሮ ጌጥ አውጥታ ትሰጣታለች። ራሷ ሰርቃው ወጥታለች! ኪም በቻክ የሥራ ሸሪክ በሃዋርድ ላይ ያሴረችው ሁሉ እዚያች በር ላይ የተማረችው ነው። ሲዝን 5 ላይ ደግሞ ያቺው እናት ጠጥታ ዘግይታ ስትመጣ ኪም መኪናው ውስጥ አልገባም ብላ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያዋን ተሸክማ በእግሯ ትሄዳለች። ሁለቱም ኪም ናት። የምትሸከመዋም፣ ጌጡን የምትቀበለዋም።

ጂሚና ኪም የተፈላለጉት ለዚህ ነው ባይ ነኝ። አንዱ በጣም ደግ ከሆነ አባት፣ አንዷ በጣም ብልጣ ብልጥ ከሆነች እናት ወጥተው መሀል መንገድ ላይ ተገናኙ።

ፍላሽ ሙላልኝ (ኮምቦልቻ)

ጸሐፊዎቹ በአጋጣሚ ምንም አያደርጉም ለምትሉት አንድ ማስረጃ ልጨምር። የሲዝን 2 አሥሩን ክፍሎች የእንግሊዝኛ ርዕስ የመጀመሪያ ፊደል ሰብስባችሁ ቦታቸውን ስትቀያይሩ ፍሪንግ (የጋስ የቤተሰብ ስም) ተመልሷል የሚል ይወጣል። ተመልካች ነው የደረሰበት፣ ትክክል ሆኖ ተገኘ፣ ጋስም ሲዝን 3 ላይ መጣ። ላሎና ናቾም ብሬኪንግ ባድ ሲዝን 2 ክፍል 8 ላይ ሶል በድንጋጤ ከጠራቸው ስሞች ነው የተፈጠሩት። ከዓመታት በኋላ ከሁለት ስም ሁለት ሙሉ ሰው አወጡ። እንዲህ ያሉ ሰዎች 14,000 የምትል ቁጥር ዝም ብለው አይጥሉም።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

የአባቶቹን ነገር የሐረጎ ጭጋግ በደንብ አሳይቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ጋሼ ያሉትንም ተቀብያለሁ፣ ቻክ ጥሩ ምስክር አይደለም። ግን ከአባት ቤት የመጣ ነው ብለን ሁሉን ስናስረዳ ሰውዬው ራሱ የመረጠውን እንዳንዘለው እፈራለሁ። ቻክም እኮ የዚያው ቤት ልጅ ነው። በመጨረሻው ክፍል ወደ ኋላ ስንመለስ ቻክ ቤት ጂሚ የምግብ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ቻክ ቁጭ በል፣ ስለ ደንበኞችህ እንጨዋወት ይለዋል። የምትሄድበት መንገድ ካልተመቸህ ተመልሶ መቀየር አያሳፍርም ይለዋል። ያ ወንድማማችነት የመጨረሻ ዕድሉ ነበረ። ጂሚ ቀልዶ ወጣ። እዚያ ውስጥ አባትየው የለም። ሁለት ጎልማሶች ናቸው ያሉት።

ጠበቃው (ኮምቦልቻ)

የቦርከና ልጅ ያነሳው ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ችሎቱ አንድ ልበል። ጂሚ ከዓቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ ቅጣቱን ወደ ሰባት ዓመት አውርዶት ነበር። በገዛ ፈቃዱ ችሎት ላይ ቆሞ ሁሉን ተናዘዘና 86 ዓመት ተፈረደበት። እንደ ጠበቃ ሳየው ያመኛል፤ እንደ ሰው ግን አከበርኩት። የተናዘዘው ደግሞ የተከሰሰበትን ብቻ አይደለም። የቻክን የሙያ ኢንሹራንስ እንዴት እንዳበላሸበትና ከዚያ በኋላ ቻክ ራሱን እንዳጠፋ ተናገረ። አብሮት የነበረው ጠበቃ በኋላ ያ እኮ ወንጀልም አልነበረም ሲለው፣ ነበር አለው።

ቶሳ ስር (ደሴ)

ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ባያነሱ እኔ ላነሳው ነበር። ያን ቀን ጂሚ የሚያድነው ነገር አልነበረም። ሰባቱን ዓመት ጥሎታል። ስሙን እንኳ ማክጊል በሉኝ ብሎ መልሶ ወስዷል። ወንጀል ያልሆነውን ሳይቀር ዘርዝሮ ተናገረ። ኪም ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች፤ የሱቁን ታሪክ ከቻክ አፍ የሰማችው እሷ ናት። የአባቱን ሱቅ እሱ አፍርሶት ቢሆን ኖሮ ያ የሚባልበት ቦታ እዚያ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሕሊናው ላይ ያለው ቻክ ነው፣ 14,000ዋ አይደለችም።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ይህኛው ከባድ ነው፣ አስቤበት እመለሳለሁ። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። ዕዳ ከሌለበት ያንን የሳንቲም ሣጥን ለምን ደበቀው? ለምንስ ሱቁ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ ማታ፣ በር ሰብሮ ነው የወሰደው?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ሳንቲሞቹ ዋጋ እንዳላቸው አባትየው ቢያውቅ ባለቤቱን ፈልጎ ይመልሳቸው ነበራ። ልጁ ያንን ያውቃል። እኔም ልጅ እያለሁ የደበቅኩት ሣጥን ነበረኝ፣ ከአባቴ ደግነት ነበር የደበቅኩት።